ቤቴ ንጹህ ነበር

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባሁት በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ከኤርፖርት ተቀብያለሁ። ሻንጣ ጎትቻለሁ፣ ፍራሽ ለምኛለሁ። ከዓመት በኋላ ቤታቸው ጎራ ስል ግን የማየው ነገር ያናድደኛል። ሻንጣው ሳሎን ጥግ እንደቆመ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ ፖስታ ተከምሯል። ዲሽዋሸሩ፣ የዕቃ ማጠቢያው ማሽን፣ ሥራ ፈትቶ የባዶ እርጎ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ባልና ሚስት ድርብ ሺፍት ሠርተው ይገቡና "ዕቃ ማጠብ የማን ተራ ነው?" ብለው ይናከሳሉ። ስጠይቃቸው "ጊዜ የለንማ!" ይሉኛል። እኔም አልነበረኝም። ስለዚህ ቆጣ ብዬ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

1. ፖስታ

በመጣበት ቀን ይከፈታል። ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆማችሁ ክፈቱት። ማስታወቂያው እዚያው ይጣል፣ የቀረው አንድ መሳቢያ ውስጥ ይግባ። ዜግነት እስክታገኙ ድረስ ደግሞ ቤት በቀየራችሁ ቁጥር አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ስለ ወረቀት ከዚህ በላይ አልናገርም።

2. በር

ጫማ በር ላይ ይቀራል። ቁልፍ በር ላይ ይሰቀላል። የኪራይ ቤት ምንጣፍ የእናንተ አይደለም፤ ካበላሻችሁት ስትወጡ ካስያዛችሁት ገንዘብ ላይ ይቆረጥባችኋል። ወጥ ከፈሰሰ ያኔውኑ ተነሱ። በርበሬና እርድ ካደሩ አይለቁም።

3. ጭስ

ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ሳይገባ መስኮት ይከፈት፣ የመኝታ ቤት በር ይዘጋ፣ ካፖርት ቁም ሣጥን ይግባ። ቁሌት የጠጣ ካፖርት ለብሶ ባቡር ላይ መቆም ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ያገለገለ ዘይት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይደፋም፤ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ይደፍነዋል። በጠርሙስ አጠራቅማችሁ ጣሉት።

ቡና ስትቆሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ ብላችሁ ባትሪውን የምታወጡት ደግሞ አስተውሉ። መስኮት ክፈቱ እንጂ ባትሪውን አትንኩት። ከሰልማ ጨርሶ! ከሰል አፓርትመንት ውስጥ አይቀጣጠልም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንደተኛችሁ ይገድላችኋል። የጀበና ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል። ወጉ ቀረ የሚል ካለ ይቅርበት።

4. ማጀት

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ የሚሠራው ማነው? ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

እናት ናት። ብቻዋን። ጆሮዋ ላይ ስልክ ሰክታ፣ ከአዲስ አበባ ጋር እያወራች፣ ዕቃ ታጥባለች። ልጁ ወደ ማጀት ብቅ ሲል "ሂድ ልጄ፣ አንተ ተማር፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" ትለዋለች። ልጁ ክፍሉ ገብቶ በር ይዘጋል። ወንድ ከሆነማ አባትየው "ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?" ይጨምርበታል። በሥራው ቦታ ሳህን የሚያጥበው ራሱ አባትየው ነው እኮ!

ቅዳሜ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነድተው አማርኛ ትምህርት ይወስዱታል። ልጁ ሀ ሁ ሂ ብሎ ይመለስና መኪና ውስጥ በእንግሊዝኛ ጁስ ይጠይቃል። ፊደሉን መማሩን አልጠላሁም። አማርኛ የሚለመደው ግን "አቀብለኝ" ሲባል ነው። "ክደነው፣ ግለጠው፣ አማስለው፣ እሳቱን ቀንሰው" ሲባል ነው። እስቲ አስቡት፦ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ዶሮ ይበለታል፣ ሥጋ ይዘለዘላል፣ ጎመን ይቀነጠሳል፣ ባቄላ ይፈለፈላል፣ ምስር ይለቀማል። ልጆቻችን ለዚህ ሁሉ ያላቸው ቃል አንድ "መቁረጥ" ነው። እሱም ካለ።

ይህን የምለው ሊቅ ሆኜ አይደለም። ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራ ነበር። ስመለስ ዓይኔ ሳይከደን ቤቱን አበጥረው ነበር። ልጆቼ ልርዳሽ ሲሉኝ አስወጣቸዋለሁ። ውሃ ያፈሳሉ፣ ስኒ ይሰብራሉ፣ እኔ ብቻዬን በአሥር ደቂቃ የምጨርሰውን ግማሽ ሰዓት ያደርጉታል። "ውጡልኝ!" ያልኳቸውን ብቆጥር አልጨርሰውም። ቤቴ ንጹህ ነበር። የመጣ ሁሉ ያደንቃል። እኔም እኮራለሁ።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ለአርባዋ ከልጄ ጋር ሄድን። ልጄ ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። ጓሮ ሴቶቹ ተሰብስበው ሽንኩርት ይልጣሉ። እሷም ነጠላዋን አገልድማ ሄዳ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ደስ አለኝ። አክስቴ "እስቲ ጭልፋውን አቀብዪኝ የኔ ልጅ" አለቻት። ልጄ ዕቃዎቹን አየች፣ እኔን አየች። ማማሰያውን አነሳች። አስቀመጠች። ሰፌዱን ነካች። አንዷ ሳቀች፣ ክፉ አስባ አልነበረም። አክስቴም "ተዪው፣ እሷ እንግዳ ናት፣ ድንኳን ገብታ ትቀመጥ" አለች።

በአያቷ ቤት፣ በአያቷ አርባ፣ እንግዳ። ድንኳን ውስጥ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ማታ አልጋችን ላይ ሆነን በእንግሊዝኛ "ለምንድነው ሁልጊዜ ከኩሽና የምታስወጪኝ የነበረው?" አለችኝ። ቤቱን ላጸዳ ብዬ ነው ልበላት? ዝም አልኩ።

እና እናንተ ልጆቻችሁ ገና ትንንሾች የሆናችሁ፣ ስሙኝ። ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ። የወላጅም የልጅም ስልክ መሳቢያ ይግባ። አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ያለቀልቃል፣ አንዱ ያደርቃል። የአራት ዓመት ልጅ ማንኪያና ሹካ መለየት ይችላል። የሰባት ዓመት ልጅ ገበታ ይጠርጋል። አሥር የሞላው ነገ የሚሠራውን ምስር ይለቅማል። በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ አማርኛ ብቻ ነው የሚወራው። ስኒ ከተሰበረ ተሰበረ፤ ስኒ ይገዛል።

ደግሞ አትሳቁባቸው! ልጁ አባቱን "አንቺ አቀብዪኝ" ሲል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እንግዳ ሲመጣ "እስቲ ድገመው" ይባላል። ልጁም ያፍርና ከዚያ ወዲያ አፉን አይከፍትም። የሚሰማውን ነው የሚደግመው፤ አያቱ እናቱን "አንቺ" እያለች ስታነጋግር ሰምቷል። "አንተ አቀብለኝ" ብላችሁ መልሱለትና ሳህኑን ስጡት። አለቀ።

5. ማድረቂያው

ረስቼው ነበር። የልብስ ማድረቂያ ማሽኑ ማጣሪያ ላይ የሚጠራቀመው ብናኝ በየአጠባው ይነሳ፣ ካልሆነ እሳት ያስነሳል። ይህን ለልጅ ስጡት፣ ይወዱታል። ልጄ አሁን 22 ዓመቷ ነው። እሁድ እሁድ ትመጣለች፣ አብረን እናጥባለን። ባለፈው ያንን ግራጫ ነገር በጣቷ ጠቅልላ "ይሄ በአማርኛ ምንድነው?" አለችኝ። "የማሽን ጥጥ" አልኳት። አሁን ቤታችን ውስጥ ስሙ እሱ ነው።