«ሙልደ» የሚለው ቃል

ባለፈው ሳምንት አንድ የሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ «ጋሼ፣ መምህሬ ያስተማረኝ ነገር አልዋጥልኝ ሲል በክፍል መሃል ልጠይቀው ወይስ በሆዴ ይዤው ልለፍ?» ብሎ ጻፈልኝ። ጠይቅ ልጄ፤ ይሄ ምን ያጠያይቃል። ደብዳቤውን ካነበብኩ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም አንዲት ልጅ ልክ እንደዚያ ተነስታ ጠይቃኝ ነበርና ነገሩን ለእሱም ለእናንተም ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን በተላክሁ ጊዜ ጀርመንን አንድ ያደረገችው የፕሩሽያ መንግሥት የአንድ ፈረሰኛ ሬጅመንት ታሪክ ልቤን ወሰደው። ሬጅመንቱ ሃልበርሽታት ከተማ ሰፍሮ የኖረው 7ኛው ኩይራሲየር ነው። ኩይራሲየር ማለት ደረቱ ላይ የብረት ጥሩር የሚያስር ከባድ ፈረሰኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 ተቋቋመ፣ በ1919 ፈረሰ። የጀርመኑን መሪ ቢስማርክን ቢጫ ኮሌታ ያለው የወታደር ልብስ ለብሶ አይታችሁት ከሆነ፣ ያ የዚህ ሬጅመንት ልብስ ነው። ለፈረስ ያለኝ ፍቅር ደግሞ ከአያቴ የወረስኩት ነው። አያቴ ማታ ደጅ ቁጭ ብለው ኮቴ ሲሰሙ፣ ፈረሱ ገና ሳይታይ የማን እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ እሳቸው ፈረስ አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍኩም።

ሬጅመንቱ ስም ያተረፈው ፕሩሽያና ፈረንሳይ ሲዋጉ፣ ኦገስት 16 ቀን 1870 ነው። ከሜትስ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ቪዮንቪል በምትባል የፈረንሳይ መንደር አጠገብ፣ የፕሩሽያው ጄኔራል አልቬንስሌበን ሠራዊት በቁጥር እጅግ ከሚበልጠው ከፈረንሳዩ ማርሻል ባዜን ጦር ጋር ተናንቆ ነበር። ከቀትር በኋላ የፈረንሳዩ ማርሻል ካንሮቤር መድፎች የፕሩሽያን እግረኛ ይፈጁት ጀመር። ሌላ ተጠባባቂ ኃይል ስላልቀረ የፕሩሽያው ጄኔራል ብሬዶቭ በፈረሰኛ እንዲያጠቃ ታዘዘ። «የፈለገውን ያስከፍል» አለ ይባላል። 7ኛው ኩይራሲየር በግራ፣ ረጅም ጦር የሚይዘው 16ኛው ኡላን በቀኝ፣ በድምሩ 800 ያህል ፈረሰኛ፣ ሽምጥ ጋልበው መድፈኛውን ረጋገጡት፤ ከኋላው የነበረውንም እግረኛ በታተኑት። ፈረሶቹ ትንፋሽ ባጠራቸው ሰዓት ግን የፈረንሳይ ፈረሰኛ ወረደባቸው። 380 ያህል ሰውና 400 ያህል ፈረስ አጡ። የመመለሻው መለከት በጥይት ተበስቶ ስለነበር ሲነፋ ድምፁ እንደ ልቅሶ ወጣ ይባላል። ጀርመኖች «የሞት ግልቢያ» ይሉታል። ካንሮቤር ግን ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ወደፊት አልገፋም።

ይህን በማስተምርበት ቀን ድምፄ ይለወጥ ነበር። ስጨርስ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውንም እወደው ነበር። አንድ ጠዋት ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የፈረንሳዮቹ ሻስፖ ጠመንጃ እስከ 1,200 ሜትር ይመታል ብለውን ነበር። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሜዳውን አቋርጠው መድፉ ጋ እንዴት ደረሱ? ለምን መንገድ ላይ አላለቁም?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። እሱን ማለት አቃተኝ። «በጀግንነት ነዋ!» አልኳት። በዚያ አላበቃሁም፤ «አንቺ ለመሆኑ ፈረስ ሲጋልብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጨመርኩበት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶዋን ስትከድን አየኋት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ሳርብሩከን የምትኖር ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ ቪዮንቪል በመኪና ወሰደችኝ። ስንዴው ታጭዷል። ከመንደሩ በስተ ሰሜን በእግሬ ስወርድ፣ ከሩቅ ሜዳ የሚመስለው መሬት ቀስ እያለ ጎደጎደ። ልጄን መድፎቹ ወደነበሩበት ወገን ከፍታው ላይ እንድትቆምልኝ አድርጌ ነበር። ቀና ብል የለችም። ስጣራ ድምፅዋ ይመጣል፣ እሷ አትታየኝም። ረባዳውን ይዤ ሄድኩና ስወጣ ቀይ ሻርፗ ከፊቴ ብቅ አለ፤ ጥቂት መቶ እርምጃ ብቻ ቀርቶኛል። የዚያች ተማሪ መልስ እግሬ ሥር ነበር። ብሬዶቭ ሰዎቹን በዚህ ረባዳ ደብቆ፣ በባሩድ ጭስ ተከልሎ አምጥቷቸዋል። ጀግኖች ነበሩ፤ ያለዚያ መሬት ግን መድፉ ጋ አይደርሱም ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ የድሮ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ጀርመንኛው «ሙልደ» ይላል፤ ረባዳ ማለት ነው። እኔ «ሜዳ» ብዬ ተርጉሜው ኖሯል። ያቺ ልጅ እንዴት እንዳቋረጡት ሊገባት ያልቻለው በእኔው ቃል ምክንያት ነው።

ስህተቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓ ስንት መኮንን ይህን ግልቢያ እየጠቀሰ የፈረሰኛ ዘመን አላለፈም ሲል ኖረ። ኦገስት 12 ቀን 1914 ቤልጂግ ውስጥ ሃለን በተባለች ቦታ የጀርመን ፈረሰኞች እንደዚያው ሽምጥ ጋለቡ፤ ከፈረስ ወርደው የጠበቋቸው ቤልጂጎች በጠመንጃና በመትረየስ አጨዷቸው።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁን ትጠይቁና በመጀመሪያው መልስ ረክታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ይሄ ያናድደኛል። ሳታነቡ አትጠይቁ ብዬ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። ያቺ ልጅ ግን እኔ ካደልኳት ሦስት ገጽ በቀር ምንም አላነበበችም ነበር፤ እኔ ደግሞ መደርደሪያ ሙሉ አንብቤ ነበር። ስለዚህ ምን እንደምላችሁ በዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ ስለ ቦታ የምትጽፉ ከሆነ ብትችሉ በእግራችሁ ሂዱበት፣ ባትችሉ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ ፈልጉ።

ልጅቷን አፈላልጌ አጣኋት። የፈተና ወረቀቷን ግን አልረሳውም። «የብሬዶቭ ግልቢያ እንዴት ሊሳካ ቻለ?» ለሚለው ጥያቄ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ «በጀግንነት» ብላ ጽፋ ነበር። አሥር ከአሥር ሰጠኋት።