ነጩ ጸጉር ጌጥ አይደለም

ጥያቄ፦ «ፈረሴን የገዛሁት በሦስት ዓመቱ ነው፤ አሁን ስድስተኛውን ይዟል። እስከ አምና ድረስ እንደ በግ ገራም ነበር። ዘንድሮ ግን ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ጠፍሩን ሳጠብቅ ሊነክሰኝ ይዞራል፣ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ደግሞ አልሄድም ብሎ ይቆማል። ቁስል የለውም። ትከሻው ላይ ግራና ቀኝ ነጭ ጸጉር ብቻ ወጥቶለታል፤ ያምርበታል። ኮርቻው የቀድሞው ፈረሴ የነበረ ነው፣ ጥሩ ኮርቻ ነው። እንዳይጎዳው ብዬ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤለታለሁ፤ አሁን ሦስተኛ ልጨምር ነው። ጠባዩ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ምን ዓይነት ኮርቻና ምንጣፍ ልግዛለት?»

መልስ፦ ሦስተኛውን ብርድ ልብስ አይጨምሩ። እንዲያውም ከሁለቱ አንዱን ዛሬውኑ ያንሱ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የጠባይ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ግን መልሱን ራስዎ እንደ ዋዛ በመሐል ጽፈውት አገኘሁ፤ «ያምርበታል» ያሉት ነጭ ጸጉር ነው። ጸጉር ቀለሙን የሚያገኘው ከሥሩ ካሉ ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ነው። ቆዳው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲጨፈለቅ ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ሕዋሳቱም ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ የሚበቅለው ጸጉር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ የሚያዩት ነጭ ጸጉር የዛሬ ወሬ አይደለም፤ ከሳምንታትና ከወራት በፊት የደረሰ ጉዳት ምልክት ነው። ጉዳቱ ቆዳውን ስላልቀደደ ቁስል አላዩም። ሳይላጥ የቀረ ገጣባ ነው ይበሉት።

የወጣበት ቦታ ደግሞ ብዙ ይናገራል። ነጩ ጸጉር ጋማው በሚያልቅበት ጉብታ አናት ላይ ቢሆን ኖሮ ኮርቻው ሰፍቶት ወርዶ አጥንቱ ላይ ተቀምጧል እል ነበር። እርስዎ ግን ግራና ቀኝ ነው ያሉት። ይህ የጠባብ ኮርቻ ምልክት ነው። የኮርቻው ፊተኛ ቅስት ሁለት እግሮች አሉት፤ ቅስቱ ሲጠብ እነዚህ እግሮች ከትከሻው አጥንት ኋላ ያለውን ሥጋ እንደ መቆንጠጫ ይይዙታል። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ የእርስዎም ክብደት ይከተለዋል፣ ቁንጥጫው ይብሳል። ፈረስዎ የሚቆመው እዚያ ነው። እኔም ብሆን እቆማለሁ።

የጥርስ ወይም የእግር ሕመምም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ፈረሱ ያለ ኮርቻ ሲመራም የሚያነክስ ከሆነ ሐኪም ይየው። ዕድሜውን ሳይ ግን ጣቴን የምቀስረው ኮርቻው ላይ ነው። የሦስት ዓመት ፈረስ ገና ውርንጭላነቱ አልለቀቀውም። የጀርባው አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፤ ሥራ የያዘ ፈረስ ደግሞ የትከሻው ሥጋ በየዓመቱ ይሞላል። ኮርቻው አልተለወጠም፤ ፈረሱ ከውስጡ አድጎ ወጣ። በዚያ ላይ ኮርቻው የተሠራው ለሌላ ፈረስ ጀርባ ነው። ጥሩ ኮርቻ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን ለማን ጥሩ?

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ ልመለስ፤ ይህን ነገር በየሄድኩበት ስለማየው ትንሽ ልቆጣ ይፈቀድልኝ። ፈረስ ባስቸገረ ቁጥር አንድ ድርብ መጨመር ርኅራኄ ይመስላል። ጫማ ጠቦት ለሚያነክስ ሰው ወፍራም ካልሲ እንደመስጠት ነው፤ ድርቡ የሚገባው ለፈረሱ በጠበበው ቦታ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ «ፈረሴ ሰነፍ ሆነብኝ» ያለ ሰው ዘንድ ሄጄ ከኮርቻው ሥር አምስት ነገር አንድ በአንድ አንስቻለሁ፦ የተጣጠፈ ጆንያ፣ አሮጌ ፎጣ፣ ስፖንጅ፣ ብርድ ልብስ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ላብ ያደረቀው ሌላ ብርድ ልብስ። የመጨረሻው ሲነሳ ፈረሱ አንገቱን አውርዶ በረጅሙ ተነፈሰ። ትከሻው ላይ ሁለት ደረቅ ክቦች ነበሩ፤ ዙሪያቸው በላብ ርሷል፣ እነሱ ግን ጠብታ የላቸውም። ግፊት የበዛበት ቆዳ ላብ ማውጣት ያቅተዋል። የእርስዎንም ፈረስ ካላበው በኋላ ኮርቻውን አንስተው እንዲሁ ይዩት። በአከርካሪው ላይ ያለው ረጅም ደረቅ መስመር ደግ ነው፤ እዚያ ምንም ነገር መንካት የለበትም። ነጩ ጸጉር ባለበት ቦታ ላይ ትንሽ ደረቅ ክብ ካዩ ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሚጠራጠሩ ከሆነ እጅዎን ይጠይቁት። ሌላ ሰው ኮርቻው ላይ ይቀመጥ፣ እርስዎ መዳፍዎን ዘርግተው ከቅስቱ እግር ሥር ያስገቡና ፈረሱ ጥቂት እርምጃ እንዲሄድ ያድርጉ። የፊት እግሩን በዘረጋ ቁጥር የትከሻው አጥንት ላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ ይመጣል። ጣትዎ መሐል ላይ ሆኖ የሚሰማው፣ ፈረሱ በየእርምጃው የሚሰማው ነው።

ምን ዓይነት ኮርቻ ልግዛ ላሉት ገና አይግዙ ብዬ እመልሳለሁ። መጀመሪያ አንድ ክንድ ተኩል ያህል፣ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሽቦ ይፈልጉ። ለቤት መብራት የሚዘረጋው፣ ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ያለውና ላስቲክ የለበሰው ዓይነት ተስማሚ ነው፤ ሲያጎብጡት ይጎብጣል፣ ሲለቁት ቅርጹን ይዞ ይቀራል። በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው አይሆንም፤ ይተጣጠፋል። ከሽቦው ሌላ የሚያስፈልግዎ ካርቶን፣ እርሳስና መቀስ ብቻ ነው።

ፈረሱን ሜዳ ላይ፣ በአራቱም እግሩ እኩል አቁሙት። አንገቱን አያዙር፣ እየበላም አይሁን፤ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ የጀርባው ቅርጽ ይለወጣል። በጣትዎ ሰፊውን የትከሻ አጥንት እየዳበሱ ኋለኛውን ጠርዝ ያግኙ፤ ጠንካራው አልቆ ለስላሳው የሚጀምርበት ነው። ከዚያ ሦስት ጣት ወደ ኋላ ይሂዱ። የኮርቻው ቅስት ማረፍ ያለበት እዚያ ነው። ሽቦውን በዚያ መስመር በጉብታው ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያሳልፉትና ቆዳውን እስኪነካ ድረስ በሁለት እጅ ቀስ ብለው ይጫኑት። ሥጋውን አይጨፍልቁት፤ ብቻ ይተኛበት። ከዚያ ጎኖቹን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ላይ ያንሱት።

ሽቦውን ካርቶን ላይ አስተኝተው የውስጡን መስመር በእርሳስ ይከተሉት፣ በመስመሩም ይቁረጡ። ቅስት የሚመስል ቁራጭ እጅዎ ላይ ይቀራል፤ የፈረስዎ ትከሻ ቅርጽ እሱ ነው። ግራና ቀኙን ይጻፉበት፤ ብዙ ፈረሶች አንዱ ትከሻቸው ከሌላው ስለሚበልጥ ቢገለበጥ ያሳስትዎታል። አሁን ኮርቻውን ገልብጠው ካርቶኑን ከፊተኛው ቅስት ሥር፣ እግሮቹ ባሉበት ያስገቡት። ካርቶኑ ከላይ ክፍተት ኖሮት ከታች በሁለቱ እግሮች ጫፍ ብቻ ከተያዘ ኮርቻው ጠባብ ነው። አናቱ ብቻ ነክቶ ከታች ግራና ቀኝ ከተከፈተ ሰፊ ነው። የካርቶኑ ጎንና የቅስቱ እግር ጎን ለጎን አብረው ከወረዱ፣ በመሐላቸውም የአንድ ቀጭን ምንጣፍ ቦታ ከቀረ፣ ልክ ነው። የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት እንደሚሆን እገምታለሁ።

ጠባብ ሆኖ ከተገኘ መዶሻና መጋዝ አያንሱ። የኮርቻው አጽም ከውስጥ ሲሰነጠቅ በላዩ ባለው ቆዳ ስለሚሸፈን አይታይም፣ ጉዳቱም የሚታወቀው ፈረሱ ጀርባ ላይ ነው። ካርቶኑን ይዘው ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ይሂዱ። የሚሰፋ ከሆነ እሱ ያውቃል። የማይሰፋ ከሆነ ደግሞ ኮርቻውን ቀጠን ያለ ፈረስ ካለው ሰው ጋር ለመለዋወጥ ካርቶኑ ይበቃል፤ ፈረሱን እየጎተቱ መዞር፣ በዓይን ግምት መግዛትና መጸጸት የለም። ልክ የሆነ ካጡ በትንሹ የሚሰፋውን ይምረጡ። ሰፊ ኮርቻን በምንጣፍ ማጥበብ ይቻላል፤ ጠባቡን ግን ምንም ምንጣፍ አያሰፋውም።

አንድ ካርቶንም አይበቃዎትም። ክረምቱ ወጥቶ ሣር የጠገበ ፈረስና በጋው ሊያልቅ ሲል ያለው ፈረስ አንድ ጀርባ የላቸውም። ሁለቱንም ጊዜ ይለኩ፣ ወሩን ካርቶኑ ላይ ይጻፉ። ኮርቻው ለወፍራሙ ካርቶን ይሁን። ሲከሳ ደግሞ በሁለቱ ትከሻ በኩል፣ ከምንጣፉ በላይ፣ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ ቁራጭ ሱፍ ይጨምሩ። ብርድ ልብስ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው፤ እሱም በልኩ።

አቀማመጡን በአጭሩ ልንገርዎ። ኮርቻውን መጀመሪያ ጉብታው ላይ ወደ ፊት ያድርጉት፣ ከዚያ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ያንሸራትቱት፤ ራሱ አረፍ የሚልበት ቦታ አለ። ወደ ፊት መግፋት ጸጉሩን ይገለብጠዋል። ብዙ ሰው ኮርቻውን የሚያኖረው ትከሻው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ልኩ የሆነ ኮርቻም ይቆነጥጣል። በኋላ በኩል ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ማለፍ የለበትም። ፈረስ በእያንዳንዱ ጎኑ 18 የጎድን አጥንት አለው፤ ከዚያ ኋላ ያለው ወገብ የሰው ክብደት የሚሸከምበት ድጋፍ የለውም። ሰው ተቀምጦበት በጉብታውና በቅስቱ መሐል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። ጎንበስ ብለው ከፊት ወደ ኋላ ሲያዩ በኮርቻው ሥር መሐል ለመሐል በሚያልፈው ቦይ ብርሃን ይታይዎ፤ የቦዩም ስፋት ከሦስት እስከ አራት ጣት ይሁን።

ምንጣፉ አንድ ይሁን፤ ላብ የሚመጥ ሱፍ ወይም ጥጥ፤ ከኮርቻው ዙሪያ አራት ጣት የሚተርፍ። ናይሎንና ላስቲክ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ስፌትና ቋጠሮ ከኮርቻው ሥር አይግባ። ጠፍሩን ከማጥበቅዎ በፊት ምንጣፉን በመሐል ከፍ አድርገው ወደ ቦዩ ይሳቡት፤ አለበለዚያ ጉብታው ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ላብ የደረቀበት ምንጣፍ ደግሞ ጨውና ጸጉር ተጋግሮበት እንደ ሞረድ ይሆናል፤ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሌላው የማልወደው ልማድ ቆዳው የቆሰለበትን ቦታ ለማዳን ምንጣፉን መብሳት ነው። ቀዳዳው ጠርዝ አለው፣ ጠርዙም በቁስሉ ዙሪያ ይጫናል። የቆሰለ ጀርባ ኮርቻ አይጫንበትም፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ጠፍሩ ከፊት እግሩ ክርን አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይዋል፤ በአንድ ጊዜ አይጥበቅ። ትንሽ፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ፣ ከዚያ እንደገና። ሊነክስዎ የሚዞረው ፈረስ ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት እየተከላከለ ነውና አይምቱት። ኮርቻው ከተስተካከለ በኋላም ልማዱ ሳምንታት ሊቆይበት ይችላል፤ ጀርባው ቢተወውም ጭንቅላቱ ያስታውሳል።

ይህን ሁሉ አይተው ከለኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ኮርቻ አይጫንበት። በየቀኑ ጣትዎን ከጉብታው ግራና ቀኝ እስከ ወገቡ ቀስ ብለው ይጎትቱ። የሚሞቅ፣ የሚያብጥ ወይም ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥበት ቦታ እስኪጠፋ ይታገሱ፤ ሁለት ሳምንት ካልበቃ ይጨምሩ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጉብታው አናት ላይ ለስለስ ያለ እብጠት ካዩ ወይም መግል ከወጣ አይጭመቁት፣ በባዶ እጅም አይንኩት። እዚያ ቦታ የሚያብጠው ነገር አንዳንድ ጊዜ ወደ ሰው የሚተላለፍ የብሩሴላ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ነጩ ጸጉር ራሱ በአብዛኛው ወደ ቀድሞ ቀለሙ አይመለስም፤ በዚያ አይዘኑ። ዛሬ ግን በግራም በቀኝም ስፋቱን በዚያው ሽቦ ለክተው ካርቶኑ ጀርባ ላይ ይጻፉት። ፈረሱ በሚቀጥለው ጊዜ ጸጉሩን ሲቀይር ደግመው ይለኩ። ባለበት ከቆመ ኮርቻው ተስማምቶታል። ከሰፋ ሽቦውን እንደገና ያምጡና ይለኩ፤ ሲጽፉልኝ ደግሞ በተለይ ጠባብ ሆኖ ያዩት የትኛው ጎን እንደሆነ ይንገሩኝ።