ስለ ስቶርምትሩፐሩ ለጠየቅከው፦ አኳራጁን ከመገጣጠሚያ አርቀው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ዛሬ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ያለሁት ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው። «ወንድሜ ከአሜሪካ የባንዳይን 1/6 ስቶርምትሩፐር ይዞልኝ መጣ፤ ገጣጥሜ ልጨርስ ነው፤ ነጩ ፕላስቲክ ግን አሻንጉሊት አሻንጉሊት ይላል። በጥሩሩ ላይ ያሉትን መስመሮች በጥቁር ላጉላቸው ወይስ ሙሉውን ልቀባው?» ነው ያልከው። ለማያውቅ አንባቢ፦ ስቶርምትሩፐር የስታር ዋርስ ፊልም ነጭ ጥሩር የለበሰ ወታደር ነው፤ ይህን ኪት፣ ማለትም ገና የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል፣ የጃፓኑ ባንዳይ ከሰው ቁመት አንድ ስድስተኛ አድርጎ ነው የሠራው። ከሥር ሁለት ሰዎች «የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥነህ መስመሮቹ ውስጥ አፍስስ፣ ትርፉን በጥጥ ጥረግ» ብለው መልሰውልሃል። እባክህ ዛሬ ማታ እንዳትሞክረው። እኔ ይህንኑ ምክር ሰምቼ የሦስት ወር ሥራዬን በአንድ ሌሊት አጥቻለሁ።

1. መጀመሪያ የገጣጠምከውን ፍታው። ታጥቦና ተቀብቶ ያልቅ ዘንድ መፈታት አለበት። ያ ኪት ያለ ማጣበቂያ ነው የሚቆመው፤ ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ቀዳዳው ትንሽ ተለጥጦ አንቆ ይይዘዋል። ገጥሞ ያረፈ ቢመስልህም ፕላስቲኩ ቀንም ሌሊትም እንደተወጠረ ነው። አኳራጅ ያልተወጠረ ፕላስቲክ ላይ ቢፈስ ምንም ላይሆን ይችላል። የተወጠረው ላይ ሲያርፍ ግን ዓይን በማያያቸው ጭረቶች ሰርጎ ይገባና ፕላስቲኩ ራሱ ውጥረቱን መሸከም ያቅተዋል። አይቀልጥም፣ ይሰነጠቃል። የሚሰነጠቀውም ስትቀባው አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ አንተ ከተኛህ በኋላ ነው።

ይህን ማንም አልነገረኝም። የእኔን ኪት የአክስቴ ልጅ ነበር ያመጣችልኝ። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ማታ ማታ ስሠራው ከረምኩ። ሥራዬ ሞባይል ጥገና ስለሆነ መብራቱም፣ ማጉያ መነጽሩም፣ ወረንጦውም እጄ ላይ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ከፍሬሙ (ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ) ስቆርጥ መጀመሪያ ራቅ አድርጌ፣ ቀጥሎ ጠጋ አድርጌ ነበር የምቆርጠው። ከዚያ በምላጭ እልጠውና በ400፣ በ600፣ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። የራስ ቁሩ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከፍሬም የተቆረጠበት ቦታ የቱ ጋ እንደነበረ አሁንም ድረስ ማንም ሊያሳየኝ አይችልም፤ በዚህ እኮራለሁ።

መስከረም ሲጠባ መስመር ማጉላቱ ብቻ ቀረኝ። አኳራጁን የሰጠኝ ቤት ቀለም የሚቀባ ጎረቤቴ ነው፣ በውኃ ላስቲክ ቀድቶ። «ፕላስቲክ አይነካም» አለኝ። ሰውየው አልዋሸኝም፤ እሱ የሚያውቀው ባልዲና ጄሪካን ነው። ጥቁር የዘይት ቀለም አቅጥኜ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ መስመሩን ነካ ሳደርገው ቀለሙ በራሱ ሮጠ። ጉልበቱን ዞሮ፣ በጭኑ ጥሩር ሥር ገብቶ ጠፋ። በጣም ያምር ነበር። ዳሌው ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ክርኑ ላይ፣ በየመገጣጠሚያው እየደገምኩ አፈሰስኩለት። መሣሪያውን አስያዝኩት፣ መደርደሪያ ላይ አቆምኩት፣ ፎቶ አነሳሁና ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ወታደሩ በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ እግሩ ግን ለብቻው ቆሞ ቀርቷል። ድመት ነው ብዬ ነበር። እግሩን አንስቼ ወደ ዳሌው ልመልሰው ስል ዘንጉ እንደ ዳቦ ቆሎ ጣቴ ውስጥ ተፈረፈረ። ግራ ትከሻውን ስነካው ክንዱ እጄ ላይ ቀረ። የቀሩትን አንድ በአንድ ስፈትሽ 11 ክፍል ተሰንጥቋል፤ ከውጭ ግን አንድም መስመር አይታይም፣ ሁሉም የተሰነጠቀው ቀለሙ ሰርጎ በገባበት በኩል ነው። 4ቱን በቀጭን መሰርሰሪያ በስቼ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦ ከትቼ፣ በሱፐር ግሉ አዳንኳቸው። የዳሌው ግን ሁሉም ክብደት እሱ ላይ ስለሚያርፍ አልሆነም። ሌላ ኪት ማስመጣት ግድ ሆነ፣ የሱን መከራ ወደ ታች እነግርሃለሁ።

2. የፍሬሙን ጠርዝ አንብብ። እያንዳንዱ ፍሬም ዳር ላይ የፕላስቲኩ ዓይነት በትንንሽ የላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ፒኤስ ያለው ተራው ነው፤ ቀለምም ይይዛል፣ ማጣበቂያም ይይዛል። ኤቢኤስ ያለው ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው ሲሆን ለእንዲህ ዓይነት ቲነር ከሁሉም ይበልጥ የሚሰጋለት እሱ ነው። ፒኢ ወይም ፒፒ ያለው ለስለስ ይላል፤ ቀለም አይጨብጥም፣ ቢቀባም እግሩን ስታንቀሳቅስ ይላጣል፣ ስለዚህ እንዳለ ተወው። እኔ ፍሬሞቹን ሳላነብ ነው የጣልኳቸው።

3. ነጩን በተመለከተ። እዚህ ላይ ከሌሎቹ ጋር አልስማማም። ሁሉም «ፕላስቲክ እንዳይመስል ማት (የማያብረቀርቅ) ቨርኒሽ ርጭበት» ይላል። አስበው እስቲ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የመጀመሪያው ስታር ዋርስ ፊልም ላይ ተዋንያኑ የለበሱት ጥሩር ራሱ እኮ ፕላስቲክ ነበር። እንግሊዝ አገር ነጭ የፕላስቲክ ሉህ በሙቀት አለስልሰው፣ በቅርጽ ላይ ዘርግተው፣ አየሩን ከሥር መጥጠው ነው ያወጡት። ያብረቀርቅ ነበር። ስለዚህ ያንተን ወታደር አሻንጉሊት ያስመሰለው ፕላስቲክ መሆኑ አይደለም፤ ብርሃን በውስጡ ማለፉ ነው። የደረቱን ጥሩር አውልቀህ አምፖል ፊት ያዘው፣ የጣትህን ጥላ ከጀርባው ታያለህ። እውነተኛ ጥሩር ጣት አያሳይም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የእያንዳንዱን ነጭ ክፍል የውስጥ ገጽ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ቀባው፣ በእጅ ብሩሽ፣ ውኃ በሚያቀጥነው አክሪሊክ። ዘንግና ቀዳዳ ውስጥ አታስገባ፤ ቀለሙ ውፍረት ይጨምርና ሲገጠም ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ይህን ብቻ አድርገህ መልሰህ ብትገጥመው ልዩነቱን ራስህ ትመሰክራለህ። ሙሉውን መቀባት ከፈለግህ ግራጫ ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ መነሻ ቀለም)፣ ከዚያ ነጩን በስሱ ሦስት አራት ጊዜ፣ እያደረቅህ። ነጭ ቀለም አይሸፍንም፤ በአንዴ ላጥግበው ካልክ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። የመኪና ስፕሬይ ለመሞከር ከፈለግህ መጀመሪያ ፍሬሙ ላይ ሞክር፣ አንዳንዱ ፕላስቲኩን ይበላዋል። በመጨረሻ ከማት ይልቅ ግማሽ አንጸባራቂ ቨርኒሽ። ቁመቱ እኮ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሙሉ አንጸባራቂ ይበዛበታል፣ ማት ደግሞ ጂፕሰም ያስመስለዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ምንም ቨርኒሽ አትርጭ። እርጥበቱ ጭጋግ ይሠራበታል፣ ነጩ ላይ ባይታይህ ጥቁሩ የውስጥ ልብስ ላይ ይታይሃል።

መስመሩን ደግሞ ጥቁር አታድርገው። ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ከቀለም መጽሐፍ የወጣ ሥዕል ያስመስለዋል። ግራጫ ይበቃል። በዚህ መጠን ጥሩሮቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ የራሳቸው ጥላ አላቸው። ጥላ የማይሠራው ጥልቀት የሌለው መስመር ብቻ ነው፤ እሱን በ0.3 ሚሊ ሜትር እርሳስ አስምረህ በጣትህ አበስ አድርገው። እኔ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ በእርሳስ ነው የጨረስኩት፣ አንድም ጠብታ አኳራጅ አልነካውም። የግድ ፈሳሽ ቀለም ካልክ፦ ክፍሉ ተፈትቶ፣ በአክሪሊክ ቨርኒሽ ተሸፍኖ፣ ሙሉ ቀን ደርቆ፣ ከዚያ በጥቂቱ። የምትጠርግበት ጥጥም ርሶ ሳይሆን ሸተት ብሎት ብቻ ይሁን።

4. ሁለተኛ ኪት በፖስታ አታስልክ። አጎቴ አዝኖልኝ በፖስታ ላከው። ደረሰ ተባልኩና ዕቃ ወደሚፈተሽበት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። አምስት ቀን ነው የተመላለስኩት፣ ሱቄን እየዘጋሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው የካርቶኑን ሥዕል አይቶ «ወታደር ነው፣ መሣሪያ ይዟል፣ ፈቃድ አምጣ» አለኝ። መሣሪያው ከመሐል ጣቴ እንደማይበልጥ፣ ፕላስቲክ እንደሆነ፣ ገና ከፍሬሙ እንኳን እንዳልተቆረጠ አስረዳሁት። ቀና ሳይል «ይህን የሚያህል ሰው በአሻንጉሊት ይመላለሳል?» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። አልመለስኩለትም፤ አሁን ግን እመልሳለሁ። በቀን ሃያ ስልክ ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝ፣ ማታ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር እሠራለሁ፣ አያሳፍረኝም።

በአምስተኛው ቀን አንዲት ሴት ኃላፊ መጥታ «ልጁን ለምን ታንገላቱታላችሁ፣ ስጡት» አለችና ወጣልኝ። ካርቶኑን ግን በከተር ቀደውታል። ከረጢቶቹ ተቀደው ፍሬሞቹ ተቀላቅለዋል፣ በውኃ የሚለጠፉት ምልክቶች ያሉበት ወረቀት መሐል ለመሐል ታጥፏል። ውኃ ውስጥ ስከተው በእጥፋቱ ላይ ተበጣጠሰ።

የራስ ቁሩ ጎን ላይ ያሉትን ሰማያዊ መስመሮች ታውቃቸዋለህ? የጠፉብኝ እነሱ ናቸው። ሁለት ቀን ተናድጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ ትዝ ያለኝ የመጀመሪያው ፊልም ላይ እነዚያ መስመሮች በእጅ የተቀቡ መሆናቸው ነው፤ ውፍረታቸውም እኩል አልነበረም። ማስኪንግ ቴፕ በመስታወት ላይ ለጥፌ፣ በአዲስ ምላጭ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሳንሼ ሰነጠቅኩት። እየለጠፍኩ አንድ በአንድ ቀባኋቸው። ቴፑን ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የምታነሳው፣ ወደ ራሱ መልሰህ እያጠፍክ፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞ ይነሳል። ሦስተኛው መስመር ትንሽ ይወፍራል። ሆን ብዬ አላስተካከልኩትም፣ ከሥራው ሁሉ ይበልጥ የምወደው እሱን ነው።

ስለዚህ የጎደለህ ነገር ካለ በሰው ሻንጣ አስመጣ። ካርቶኑ ቦታ ይይዛል ካሉህ ፍሬሞቹንና መመሪያውን ብቻ፣ ምልክቶቹን መመሪያው መሐል አስገብተው ይያዙልህ። ቀለም ስታዝ ቆርቆሮ ስፕሬይ አትዘዝ፤ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ ሰውየውን ኤርፖርት ላይ ታስቸግረዋለህ። በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ እዘዝ፣ የስፔኑ ቫየሆ በትንንሽ ጠርሙስ ይመጣል። እኔ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁርና ግማሽ አንጸባራቂ ቨርኒሽ ብቻ ነው የያዝኩት፣ በቅቶኛል።

ስለ መሣሪያው አልጠየቅክም ግን አይለፍህ፤ ኪቱ ላይ ምርጡ ነገር እሱ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ከባዶ አልፈጠሩትም፣ ስተርሊንግ የሚባለውን የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ወስደው ነው ሌላ ነገር የጨመሩበት። ስለዚህ እንደ ብረት ነው መታየት ያለበት። በጣም ጥቁር ግራጫ ቀባው፣ ሲደርቅ የለስላሳ እርሳስ ዱቄት በጣትህ ይዘህ ጠርዞቹንና እጅ የሚይዘውን ቦታ ብቻ እሸው። አፈሙዙን በቀጭን መሰርሰሪያ ጥልቀት ስጠው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በበረሃ አቧራ ላቆሽሸው ካልክ ጠመኔ ፈጭተህ ከጉልበት በታች ብቻ በደረቅ ብሩሽ። የበረሃውን ክፍል ቱኒዚያ ነው የቀረጹት፣ አቧራው ከእግር ነው የሚጀምረው፤ ደረት ላይ ካበዛህበት ዱቄት የፈሰሰበት ይመስላል።

አሁን መጀመሪያ የምታደርገው ግን መፍታቱን ነው። በጥፍርህ ወይም በፕላስቲክ መክፈቻ፣ ስልክ እንደሚከፈተው። በጠፍጣፋ ብረት አይሁን፣ ነጩን ይቧጭረዋል። ስትፈታ ዘንግ ቢሰበርብህ አትደንግጥ፤ ከመጀመሪያው ኪት ያልተሰነጠቁትን ክፍሎች በሙሉ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጫቸዋለሁ። ዳሌው ብቻ የለኝም። መመሪያው ላይ ከክፍሉ አጠገብ ያለውን ፊደልና ቁጥር እዚሁ ከሥር ጻፍልኝ፣ ካለኝ እሰጥሃለሁ።