ዛላው አምሮ ፍሬው ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ስንዴዬ ቁመቱም ቅጠሉም የሚያስቀና ነበር። ሲወቃ ግን ዛላው ብዙውን ባዶ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዘር ቀደም ብዬ የዘራሁት ጥግ ብቻ ደህና ነው። ከማፍራቱ በፊት ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎን ነበር። ዘሩ ይሆን ወይስ በሽታ?

መልስ፦ መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። ያው ዘር በአንዱ ጥግ ካፈራ ዘሩን አይጠርጥሩ። ቅጠሉ እስከ መጨረሻው ካማረ ዋግም አይመስለኝም። የእኔ ግምት ሙቀቱ ነው፤ ያውም ዛላው ገና በቅጠሉ ሰገባ ውስጥ ሳለ የመታው።

የአበባው ብናኝ የሚፈጠርበት ሚዮሲስ የተባለው የሕዋስ ክፍፍል የሚካሄደው ያኔ ነው። የዳቦ ስንዴ ከሦስት የዱር ሣሮች የወረሳቸው 42 ክሮሞዞሞች (በሕዋስ ውስጥ ያሉ የዘር ውርስ ተሸካሚዎች) አሉት፤ ብዙዎቹም ይመሳሰላሉ። እያንዳንዱ ከትክክለኛ አቻው ጋር ካልተጣመረ ብናኙ መካን ይሆናል። ጥምረቱን የሚቆጣጠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ዚፕ4 የተባለው አቻን ከአቻ ያገናኛል፤ ተመሳሳዩ ጣልቃ እንዳይገባም ያግዳል። ዲኤምሲ1 ደግሞ ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ ሲበረታ ጥምረቱ እንዳይፈርስ ይረዳል፤ አቅሙ ግን ገደብ አለው። ክፍፍሉ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 24 ሰዓት ያህል ብቻ ይወስዳል። በዚያች ቀን ሙቀቱ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሬው ሊያንስ ይችላል።

ስለዚህ ለከርሞ ማሳዎን በሙሉ በአንድ ቀን አይዝሩ። ይህን ልማድ ደጋግሜ አያለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን ማሳው ሁሉ ለአንድ ክፉ ቀን ይጋለጣል። የዘር ወቅቱን ሳያልፉ ማሳውን በሦስት ከፍለው በሰባት ወይም በአሥር ቀን ልዩነት ይዝሩ፤ የመጀመሪያው ክፍል ዘንድሮ ደህና በሆነው ጥግ ቀን ይሁን። የመጨረሻዋ ቅጠል ብቅ ማለት ስትጀምር ከየክፍሉ ጥቂት አገዳ በምላጭ ሰንጥቀው ይዩ። ትንሹን ዛላ ውስጥ ካገኙት ቀኑንና የሰሞኑን ሙቀት ይጻፉ፤ ሲወቃም የየክፍሉን ምርት ለየብቻ ይስፈሩ። ወጪው ደብተርና እርሳስ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ከያዙት ለማሳዎ የሚስማማውን የመዝሪያ ቀን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ባዶ ዛላ አይቶ መድኃኒት መርጨት ግን ይቅርብዎ፤ መካን የሆነ ብናኝ በመድኃኒትም በማዳበሪያም አይመለስም። መስኖ ካለዎት አገዳው ማበጥ ሲጀምር፣ ሙቀቱ ሳይቀድምዎት ያጠጡት።