ጳጉሜ 6 እና የስልኳ ሰሚራ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ልቦለድ ጀምሬ 140ኛው ገጽ ላይ ቆሜያለሁ። ባለታሪኬ ሰሚራ ትባላለች፤ የቦሳ ልጅ ናት። አንድ ፕሮግራም የአምስት ዓመት መልእክቶቿንና የድምፅ ቅጂዎቿን ሰብስቦ ሌላ ሰሚራ ይሠራል። ያቺኛዋ በእሷ ድምፅ ትደውላለች፣ ብር ትበደራለች፣ በመጨረሻም «እውነተኛዋ እኔ ነኝ» ትላለች። ሰሚራ ነገሩን ከሥሩ ለመንቀል አያቷ የከለከሏትን የጊዜ አስማት ተጠቅማ ወደ ኋላ ትመለሳለች። በሩ የሚከፈተው ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ «ሁለት ታሪክ ነው የጻፍሽው፤ ወይ ማሽኑን ወይ አስማቱን ጣዪው» አሉኝ። የቱን ልጣል? እናቴ ደግሞ «አስማት» የሚለውን ቃል እንዳየች ደብተሩን ከድና ወደ ጓዳ ገባች።
የ140 ገጿ፣ ከጅማ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አንዱንም አትጣዪ። የሚጣለው የቤተ መንግሥቱ በር ነው፤ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ እኔ ቤት ያለውን ልንገርሽ። እህቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏታል። የድምፅ መልእክቶቿ አሁንም ስልኬ ውስጥ አሉ። አንዱ 11 ሰከንድ ነው። «ከገበያ ስትመለሺ ኮረሪማ እንዳትረሺ፤ ያለፈው ነቀዝ የበላው ነበር» ትላለች። ከኋላዋ ሙቀጫ ይሰማል፤ ቡና ሲወቀጥ። ኮረሪማውን በዚያው ቀን፣ ፍሬ ፍሬውን መርጬ ወስጄላታለሁ፤ ደስ ብሏት ተቀብላኛለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ትጠብቃለች። እስከ ዛሬም ስለ ነቀዙ እንደተቆጣች ናት።

የሰሚራ መንታም እንዲሁ ናት። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈና ከተቀዳ ነገር ነው፤ የመጨረሻው መልእክት ከተላከ ወዲህ ሰሚራ ምን እንደሆነች፣ ማንን ይቅር እንዳለች አያውቅም። እንግዲያው የምትደውለው የዱሮዋ ሰሚራ ናት። ባለታሪክሽ ወደ ኋላ ለመሄድ ከመነሳቷ በፊት፣ ያለፈው ጊዜ ራሱ ስልክ ደውሎ ቀድሟታል። ጓደኞችሽ ሁለት ታሪክ ያዩት ይህን ክር ስላላሰርሽው ነው።

ክሩን በትንሽ ነገር እሰሪው። አማርኛ ሳስተምር በኖርኩበት 31 ዓመት ተማሪዎቼን ስም ሳላይ በስህተታቸው እለያቸው ነበር። «ፀሐይ»ን አንዱ «ጸሀይ» ይላታል፣ ሌላው «ፀሃይ»። ሰሚራ በ17 ዓመቷ «ጸሀይ» ትጽፍ ነበር እንበል፤ ኋላ አስተካከለችው። መንታዋ ግን ያችኑ «ጸሀይ» እየጻፈች ትልካለች። እናትየው ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ «የልጄ እጅ ይሄኛው ነው» ብላ የማሽኑን ትምረጥ። እውነተኛዋ ልጇ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ! እዚህ ገጽ ላይ አትቸኩዪ፤ ሦስት ገጽ ቢፈጅም ይፍጅ።

በጊዜ መጫወት ላይማ እንደ እኛ የታደለ የለም። ስልክ ከጠዋቱ 7 የሚለውን እኛ 1 ሰዓት እንላለን። ዓመተ ምሕረቱም ከፈረንጆቹ አንዴ በ7፣ አንዴ በ8 ይለያል። መንታዋ አነጋገሩን ከሰሚራ ትውረስ፣ ሰዓቱን ግን ከማሽኑ ታንብብ። «3 ሰዓት አዌቱ ድልድይ ላይ» ብላ አበዳሪውን ትቅጠረው። እሱ በረፋዱ ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል፤ የእሷ 3 ሰዓት ለእኛ ከሰዓት በኋላ 9 ነው። ሰሚራ ተንኮሉን የምትደርስበት በዚህች ቀጠሮ ይሁን፤ ከኮምፒውተር ሊቅ የሚሰጣት ማብራሪያ አያስፈልግም። (ያንን ጥቁር መነጽር ያደረገ ሊቅ ጽፈሽው ከሆነ አሰናብቺው።)

አሁን ወደ በሩ። ጅማ ላይ ልቦለድ የሚጀምር ሁሉ ጅሬን ዳገት ይወጣል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ወጥቼዋለሁ። ቦታውን ተዪና በሩን ቀን አድርጊው፤ ጳጉሜ 6። ዘመነ ሉቃስ ሊያልቅ ሲል ብቻ፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ ቀን ናት። በ2015 መጣች፤ ቀጥላ የምትመጣው በ2019 ነው። በዚያች ቀን ያጠፋሽውን ለማረም አራት ዓመት መጠበቅ አለብሽ። አያትየው ለምን እንደከለከሏት በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። እኔ ብሆን ራሳቸው አንድ ጊዜ ገብተው የወጡ አደርጋቸው ነበር። «ተይ» ሲሉ ድምፃቸው የሚለወጠው ለዚያ ይሆናል።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪያት፦ «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት። ቡና ስታፈላ፣ ሁለተኛው ላይ ንገሪያት፤ በአቦሉ አትጀምሪ። ለታሪክሽም ይጠቅምሻል። መንታዋ የሰሚራን ስም ታውቃለች፣ የይለፍ ቃሏን ታውቃለች፣ ጓደኞቿ የሚያበሽቁባትን ቅጽል ስም ሳይቀር ታውቃለች። አያቷ ብቻ፣ ምድጃ ዳር፣ በኦሮምኛ የሚጠሯትን ስም ግን ማንም በስልክ ጽፎት አያውቅም። በሩን የሚከፍተው እሱ ይሁን። አንቺም መጽሐፉ ውስጥ አትጻፊው።

ጥያቄ፦ የእኔም ባለታሪክ ከማሽን ጋር ትፋለማለች። ረቂቁን ያሳየሁት ሰው «ሴት ብቻዋን አሸነፈች ብትዪ አንባቢ አያምንሽም፤ ፍቅረኛዋ ያድናት» አለኝ። ልቀይረው?
ከአጋሮ

መልስ፦ አንባቢማ ድሮ አምኗል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ «ጦቢያ» በሚል ስም የምናውቀው፣ ልጅቱን የወንድ ልብስ አልብሶ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ይሰዳታል። ሁለተኛ ማንነት ለብሶ መሄድ ያኔም ነበር፤ ስልክ አልነበረም እንጂ። አትቀይሪው። ፍቅረኛውንም አታባሪው፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይያዝላት።