«ኮምቦልቻ ተቀምጬ የካንሰር ዘረመል ላጥና?» ላልሽኝ እህቴ

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገር። ጠያቂያችን 25 ዓመቷ ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ በሜዲካል ላብራቶሪ ተመርቃ ኮምቦልቻ አንድ የግል ክሊኒክ ትሠራለች። አክስቷ በጡት ካንሰር አርፈዋል። ከቀብር በኋላ የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ወረቀታቸውን ስታገላብጥ «ኸር-2» ከሚለው ጎን «አልተሠራም» ተብሎ አየች። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። አሁን የካንሰርን ዘረመል መመራመር ትፈልጋለች። ቤተሰቦቿ «የቅዳሜና እሁድ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ያዢ» ይላሉ። ጓደኞቿ ደግሞ «ሥራሽን ልቀቂና አዲስ አበባ ግቢ» ይሏታል። «ማንን ልስማ?» ትላለች።

ለጊዜው ማንንም አትስሚ። ምክንያቴን ከመናገሬ በፊት ግን ስለዚያች ቃል ልንገርሽ።

ኸር-2 ለሴሉ «እደግ፣ ተከፋፈል» የሚል መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ነው። ከ100 የጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ዘረመሉ ይባዛል፤ ፕሮቲኑም ከልክ በላይ ይበዛል። ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት ይህንኑ ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ «አልተሠራም» ማለት መድኃኒቱ ለአክስትሽ ይሆን እንደነበር አልታወቀም ማለት ነው። ቢሠራ ኖሮ ይድኑ ነበር ማለት ግን አይደለም። በዚህ ራስሽን አታሠቃዪ።

አሁን ወደ ሥራሽ። ሰዎች የዘረመል ምርምር ሲባል ትልቅ ማሽን ነው የሚታያቸው። እኔ ምክር መስጠት ከመጀመሬ በፊት ላብራቶሪ ስለሠራሁ የሚታየኝ ብልቃጥ ነው። አንድ ቀን ሰውዬ የእናቱን ናሙና በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ መጣ። አዲስ አበባ ሊያደርስ ነው። ፌስታሉን ስንፈታው ጡጫ የሚያህል ሥጋ ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ተጠቅጥቋል። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ግማሹን እንኳ አልሸፈነውም። መቼ እንደተቆረጠ ብልቃጡ ላይ አልተጻፈም። ቤተሰቡ ገንዘብ እስኪያሰባስብ ቀናት አልፈዋል። ከፊቱ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ።

ያ ናሙና የትኛውም ምርጥ ላብራቶሪ ቢደርስ ምን ሊነበብበት ነው? ሥጋው ከሰውነት ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ የሥጋውን ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ለኸር-2 ምርመራ ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ነው። ካነሰ መሀሉ ይበሰብሳል። ሳምንታት ከቆየ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል፤ ዘረመሉን ላንብብ ብትዪ የምታገኚው ብጥስጣሽ ነው። የካንሰር ዘረመል ምርምር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህን ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ቦስተን ያለ ሰው ሊያስተካክልልሽ አይችልም። ናሙናው የሚቆረጠው እዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥናትሽ ርዕስ ይኸውልሽ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚላኩ የካንሰር ናሙናዎች በምን ሁኔታ ይላካሉ? ስንት ሰዓት ይቆያሉ? ስንቶቹ «አይሠራም» ተብለው ይመለሳሉ? ማሽን አያስፈልግሽም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ መዝገብ፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ይበቃል። ብቻሽን አትጀምሪው። ዩኒቨርሲቲሽ ተመልሰሽ አንድ መምህር አብሮሽ እንዲሠራ ጠይቂ።

ሁለተኛው ነገር እጅሽ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ደምና ሰገራ ስታዪ ትውያለሽ። ክቡር ሥራ ነው፤ ግን ለምትፈልጊው መንገድ አይበቃም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የመመርመሪያ ማሽን ያለበት የመንግሥት ጤና ተቋም ፈልጊ። ደሴ ከሆነ የሐረጎን ዳገት በየቀኑ መውጣትና መውረድ ይኖርብሻል፤ ይሁን። ማሽኑን ሰው የሚያውቀው በቲቢ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ አባዝቶ ይለያል፤ ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት የማይበግረው መሆኑንም ከዘረመሉ ያነባል። ይህ እንግዲህ ሞለኪውላር ምርመራ ነው። ናሙናው የሚገባበትን ካርትሪጅ ብትቀይሪው ያው ማሽን የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ይፈልግልሻል። ሌላ ካርትሪጅ ደግሞ ቢሲአር-ኤቢኤልን ይለካል። እሱ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ሲለዋወጡ የሚፈጠር፣ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚያመጣ ዘረመል ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን ይህን በሽታ ከገዳይነት ወደ ስኳር ዓይነት አብረውት የሚኖሩት ሕመም ለውጦታል። ያለ ምርመራው ግን ክኒኑ እየሠራ መሆኑን በደንብ መከታተል አይቻልም። ቲቢ ላይ የሠለጠነ እጅ ካንሰር ላይ አይቸገርም። በቲቢ በር ግቢ።

«ከእኛ አገር ምን አዲስ ነገር ይገኛል?» ብለሽ ጽፈሻል። ይህቺ ጥያቄሽ አሳዘነችኝ። ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ዘረመል አለ። ጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚለውጥ ኢንዛይም ይሠራል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፈንንም ወደ ጠንካራው ቅርጹ የሚቀይረው እሱ ነው። በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የምትሠራው ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ዘረመል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። ይህ ከሰሜን አውሮፓውያን እጅግ የበለጠ ነው። የሕመም ማስታገሻው ኮዴይን ለእንዲህ ያለ ሰው ሲሰጥ፣ ኢንዛይሙ ስለሚበዛ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ ሊጎዳው ይችላል። በታሞክሲፈን ሕክምና ላይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚለው ገና ያከራክራል። ታዲያ ክርክሩን ማን ይፍታው? የእኛን ሰው ደምና የእኛን ሰው መዝገብ የያዘ እንጂ!

ማታ ማታ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በዪ። ዘ ካንሰር ጂኖም አትላስ የተባለው የአሜሪካ ፕሮጀክት ከ11,000 በላይ ታካሚዎች፣ የ33 ዓይነት ካንሰር የዘረመል መረጃ ሰብስቦ አብዛኛውን በነፃ ለቆታል። አር ወይም ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ። መብራት ሲጠፋ ተስፋ ትቆርጪያለሽ፤ ሲመጣ ቀጥዪ። በስድስት ወር ከዚህ መረጃ አንድ ግራፍ ራስሽ ብትሠሪ ማመልከቻሽ ላይ ከየትኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ የሕብረተሰብ ጤና ጥሩ ትምህርት ነው። ልብሽ እዚያ ከሌለ ግን ሁለት ዓመትና ያንን ሁሉ ገንዘብ ለማጽናኛ አታውጪ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ከወዲሁ ተዘጋጂበት። ከዚያ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ወይም ሜዲካል ባዮቴክኖሎጂ ወዳለበት አመልክቺ። ከመመዝገብሽ በፊት ባለፈው ዓመት የተመረቀ ተማሪ ፈልጊና «የመመረቂያ ጥናትህን ላብራቶሪ ገብተህ ነው የሠራኸው ወይስ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አጥተህ በመጠይቅ ጨረስከው?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ከብሮሹሩ ይልቅ እውነቱን ይነግርሻል። ምርምሩን አዲስ አበባ በአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት መሥራት ይቻል እንደሆነም ከአማካሪሽ ጋር ተነጋገሪ። «ስኮላርሺፕ አስጨርስልሻለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅሽ ደላላ አንድ ሳንቲም እንዳትሰጪ።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። የቤት ኪራይ እያስጨነቀሽ ምርምር አይታሰብም። ሌላ ቦታ ስታገኚ ያኔ ትለቂያለሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ቢሮዬ አለሁ። ስትመጪ የአክስትሽን ወረቀት ይዘሽልኝ ነይ። ናሙናው የተቆረጠበትንና ላብራቶሪ የደረሰበትን ቀን አብረን እናያለን፤ ቀኖቹ ተጽፈው ከሆነ።