አሥራ አምስቱ ወራት፦ ቅርጫት ኳስ ለምትጫወቱ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በሚኒያፖሊስ አካባቢ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ጉልበታቸውን ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል እንደ እናንተ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረዶች ጥቂት አይደሉም፤ የእኛው የኢትዮጵያውያን ልጆችም አሉባቸው። ስለ ኮሌጅ ጨዋታ ስናወራ ሁልጊዜ የምታነሡልኝ የዚሁ አካባቢ፣ የሆፕኪንስ ልጅ የሆነችውን ፔጅ ቤከርስን ስለሆነ፣ እኔም በእሷ ልጀምር። የማነሣው ግን በስልካችሁ ደጋግማችሁ የምታዩትን ሳይሆን፣ አንድም ነጥብ ያላስቆጠረችበትን ጊዜዋን ነው።

ፔጅ በ2020 እ.ኤ.አ. ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ገና በመጀመሪያው የውድድር ዘመኗ የአሶሺዬትድ ፕሬስን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ወሰደች፤ ከእሷ በፊት ይህን ያገኘች የአንደኛ ዓመት ተማሪ አልነበረችም። በዲሴምበር 2021 ከኖትር ዳም ጋር በተደረገው ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃ ላይ የግራ ጉልበቷ ተጎዳ። ከሁለት ወር በላይ ቆይታ ተመለሰች፤ ከቡድኗም ጋር እዚሁ ሚኒያፖሊስ ለተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ደርሳ በሳውዝ ካሮላይና 64 ለ 49 ተሸነፉ። አራት ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት 1 ቀን 2022፣ ውድድር ባልሆነ ተራ ጨዋታ ላይ የዚያው ጉልበቷ ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ተበጠሰ። ለውድድር ዳግም ሜዳ የገባችው በኖቬምበር 2023 ነበር፤ ይህም አሥራ አምስት ወራት መሆኑ ነው።

ይህ ጅማት የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር በጉልበት መሐል የሚያያይዝ ነው፤ ሮጠን በድንገት ስንቆም፣ አቅጣጫ ስንቀይር፣ ዘለን ስናርፍ ጉልበታችን እንዳይከዳን ይይዘዋል። በቅርጫት ኳስ ሴቶች ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ይጎዱበታል። የተበጠሰው ጅማት በአዲስ ከሚተካበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ የሚያስቅ ይመስላል፦ ፎጣ ጠቅልዬ ከታካሚዋ ጉልበት ሥር አስገባና “ወደ ታች ተጫኚው” እላታለሁ። በአንድ ጨዋታ ሠላሳ ነጥብ ያስቆጠረች ልጅ የገዛ ጭኗ ጡንቻ አልታዘዝ ሲላት አይታ ታለቅሳለች። አደገኛው ጊዜ ግን ይህ አይደለም። ሕመሙ የሚጠፋው አዲሱ ጅማት ከመጠንከሩ ከብዙ ወራት በፊት ስለሆነ፣ አደጋው የሚመጣው ልጅቷ “ድኛለሁ” ብላ ስታምን፣ ወላጅም አሠልጣኝም ሲያምኗት ነው።

እኔም አምኜ አውቃለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ በስድስተኛው ወር ልትጫወት ለመነችኝ፤ የዩኒቨርሲቲ መልማዮች የሚመጡበት ውድድር ደርሶ ስለነበር እናትና አባቷም አብረው ቆሙ። የተጎዳው እግሯ ጥንካሬ ከደህናው ብዙ እንደሚያንስ የለካሁት ራሴ ነኝ፤ እንድትጫወት የሚፈቅደውን ወረቀት የፈረምኩትም ራሴ ነኝ። በሦስተኛው ጨዋታዋ እንደገና ተበጠሰ። እናቷ ደውለው “ዶክተር፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ይቻላል ያሉት?” አሉኝ። ሐኪም እንዳልሆንኩ ብነግራቸውም ዶክተር ማለታቸውን አልተዉም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ማዕረጉ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ የተጎዳውም እግር የደህናውን ዘጠና በመቶ ያህል ሳይደርስ አልፈርምም፤ ማንም ቢለምነኝ።

ታዲያ በእነዚያ ወራት ምን ይሠራል? ከቡድኑ አትራቁ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ ጨዋታ ማንበብ የሚቻለው ልምምዱን ስትከታተሉ፣ አሠልጣኙ በእረፍት ሰዓት የሚለውን ስትሰሙ ነውና፣ ክራንቻችሁን ይዛችሁም ቢሆን ሂዱ። ትምህርታችሁንም በዚያው ጊዜ ወደፊት ግፉት። ከሦስት መቶ ሃምሳ በላይ የአንደኛ ዲቪዚዮን ኮሌጆች የሴቶች ቡድን ሲኖራቸው፣ በየዓመቱ በዳብልዩኤንቢኤ (በአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ስማቸው የሚጠራው አርባ አካባቢ ነው፤ በ2025 አንደኛ ሆና በዳላስ ዊንግስ የተመረጠችው ፔጅ እንኳ ለመጀመሪያ ዓመቷ የተመደበላት የሊግ ደመወዝ 78,831 ዶላር ነበር። የማስታወቂያ ገቢዋ ከዚህ በጣም እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ እናቶቻችሁ ግን ይህንን ቁጥር ቢያውቁት አይጠላም።

ከድራፍቱ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 6 ቀን 2025፣ ኮኔቲከት ያንኑ ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። የፍጻሜ ውድድሩ ምርጥ ተብላ የተመረጠችው የፔጅ የቡድን ጓደኛ አዚ ፈድ ነበረች፤ እሷም ያው ጅማት ሁለት ጊዜ ተበጥሶባታል። ያን ምሽት ቴሌቪዥን ላይ ኳሱን ትቼ የሁለቱን ጉልበት ሳይ አመሸሁ፤ የሙያ ልማድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ አራተኛ ወሯን የያዘች አንዲት ልጅ “መቼ ነው የምጫወተው?” አለችኝ። ቁመቱ አንድ ስንዝር ከሆነ ሳጥን ላይ በአንድ እግሯ አቁሜ ቀስ ብላ እንድትወርድ ነገርኳት፤ በአራተኛው ላይ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ዘመም አለ። ራሷም መስተዋቱ ላይ አየችው። ምንም አላለችኝም፤ ሳጥኑ ላይ ተመልሳ ወጣችና ከአንድ መቁጠር ጀመረች።